የአሶሳ ከተማ፤ ታሪኳ፣ ምልክቶቿና የዕለት ኑሮዋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዘንድሮው ጉባኤ አዘጋጆች ስለ አንዲት ከተማ ታሪክና ኑሮ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ምርጫውን ለእኔ ስለ ተዉልኝ አሶሳን መርጫለሁ። ስለ ጎንደር፣ ስለ ሐረርና ስለ አክሱም ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ብዙ ይጻፋል። የአሶሳ ስም ግን የሚነሣው አንድም ወርቅ ሲነሣ፣ አንድም ጦርነት ሲነሣ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የዓባይ ግድብ ሲነሣ ነው። ከተማዋ ራሷ፣ መንገዷና ገበያዋ፣ ዛፏና የሕዝቧ ውሎ የንግግር ርእስ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ ሥራችን ከተማን መለካት፣ ማቀድና ማስተዳደር ነውና፣ አንድን ስፍራ ሌላው ሰው ስለሚፈልግበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

አቀማመጧ

አሶሳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ በኩል የሚያልፈው፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የምዕራብ መንገድ የሚያደርስባት ከተማ ናት። መንገዱ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ ባምባሲን ካለፈ በኋላ አገሩ እየተዘረጋ፣ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። ከተማዋ የቆመችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ሱዳን ወሰን ከሚወርደው ቆላ ጋር ስትነጻጸር ለኑሮ የተመቸች ናት። ዝናሟ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የካቲትና መጋቢት ግን ሣሩ የሚነድበት፣ ሰማዩ በጭስ የሚሸፈንበት የሐሩር ወራት ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ኩርሙክ ትገኛለች፤ ከኩርሙክ ወዲያ ሱዳን ነው። እንግዲህ አሶሳ ከደጋው ለሚወርድ መንገደኛ የመጨረሻዋ ትልቅ ከተማ፣ ከሱዳን ቆላ ለሚወጣ ግን የመጀመሪያዋ መሆኗን ልብ ይሏል። ታሪኳ በሙሉ ከዚህ አቀማመጧ ይመነጫል።

የወርቁ መንገድ

በአካባቢው የሰው ልጅ ኑሮ እጅግ ጥንታዊ ነው። የስጳኝ የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች በአሶሳ አካባቢ ባደረጉት ጥናት፣ ቃአባና ቤል ኩርኩሙ በተባሉ የዓለት ጥላዎች ሥር የጥንት አዳኞች ከድንጋይ የሠሯቸውን መሣሪያዎች አግኝተው፣ ውጤቱን እ. ኤ. አ. በ2007 አሳትመዋል። «ቤል» ወይም «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ዓለት ማለት ነው። የክልሉ ስም ራሱ የመጣው «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው፣ ማለትም ከተከበረ የሻንጉል ዓለት መሆኑን የአገሩ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በኋላ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ቃሉን በራሳቸው አፍ አዙረው «ቤኒ ሻንጉል» አሉት። የዓለቱ ስም በዚህ መንገድ የሕዝብ ስም የሚመስል ሆኖ ቀረ።

የውጭ ሰዎች ወደዚህ አገር የመጡት በመጀመሪያ ወርቅ ፍለጋ ነበር። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር እ. ኤ. አ. በ1821 ስናርን ከያዘ በኋላ፣ በልጁ በእስማኤል ፓሻ እየተመራ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ፋዙግሊና ወደ በርታ አገር ወጣ። ፍሬደሪክ ካዮ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ከዚህ ጦር ጋር አብሮ ሄዶ ያየውን ጽፏል። ከዚያ ወዲያ ኤርንስት ማርኖ በ1870፣ ኔዘርላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኹቨር ደግሞ ከ1881 ጀምሮ በዚሁ አቅጣጫ ተጉዘዋል (ዓመታቱ እ. ኤ. አ. ናቸው)። ስለ አካባቢው በጽሑፍ የተላለፈልን የጥንት ወሬ አብዛኛው በእነዚህ እንግዶች ብዕር የተጻፈ መሆኑን ሳላስታውስ ማለፍ አልወድም።

በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጨረሻ አገሩ በሦስት ሼኾች ግዛት ተከፍሎ ነበር፤ እነርሱም ቤላ ሻንጉል፣ ኾሞሻና አቆልዲ ናቸው። የዛሬይቱ አሶሳ ያለችው በአቆልዲ ግዛት ነው። በ1890 ዓ. ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን አዛዥነት ወደዚህ ዘምቶ አገሩን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አስገባ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል የሱዳንን ወሰን በወሰነ ጊዜ አገሩ በኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ጸና። የአቆልዲው ገዥ ሼኽ ሆጀሌ አል-ሐሰን ለመንግሥት ወርቅ እየገበሩ ለረጅም ዘመን አገሩን አስተዳደሩ፤ በአዲስ አበባም ቤተ መንግሥት ነበራቸው። በጉለሌ በኩል ያለው የሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው ይባላል። ስለዚህ ከእኛ መካከል በየቀኑ ሸጎሌን የሚያልፍ ሰው ሳያውቀው የአሶሳን ታሪክ ይጠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የወርቁ መንገድ የባሪያ ንግድም መንገድ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ከወርቁ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር፤ ይህም ከግብፆች ዘመን እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ድረስ ቀጥሏል። ጉዳቱ የደረሰው በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በማኦና በኮሞ ድኻ ሕዝብ ላይ ነው። ሰዎች ከመንገድ ርቀው፣ ዓለትና ቀርከሃ ተጠግተው የሰፈሩበትን ምክንያት የሚጠይቅ የከተማ ፕላን ባለሙያ መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ታሪክ ነው።

ጦርነቱና ሰፈራው

በኢጣልያ ወረራ ዘመን አሶሳ የጠላት ጦር ሰፈር ሆነች። ነጻ የወጣችው ደግሞ ብዙዎቻችን በማናስበው ሠራዊት ነው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ. ም. ከተማዋን የያዘው ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣው የአፍሪካውያን ወታደሮች ጦር ነበር። ይኸው ጦር ከአሶሳ በኋላ ጋምቤላን ይዞ፣ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ. ም. በሳዮ (በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ) የኢጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። የኮንጎ ወታደር ይህን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ ለአሶሳ ሲዋጋ፣ በከተማችን ይህን የሚያስታውስ ትምህርት በብዛት አለመሰጠቱ የሚያስቆጭ ነው።

ከድል በኋላ አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ከተማ ሆና ኖረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው፣ በ1977 ዓ. ም. ከደረሰው ታላቅ ድርቅ በኋላም እጅግ የሰፋው የሰፈራ ሥራ ግን የአካባቢውን ሕዝብ አሰፋፈር ከሥሩ ለወጠው። ከወሎና ከሌሎችም ድርቅ ከጎዳቸው ክፍለ ሀገሮች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መጥቶ በከተማዋ ዙሪያ ሰፈረ። መንደሮቹ ስም ስላልነበራቸው በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም «አምባ 14»፣ «ሰልጋ 24»፣ «መገሌ 32» እየተባሉ ይጠራሉ። በሰነድ ላይ ለጊዜው የተጻፈ ቁጥር፣ ልጆች ተወልደውበት፣ ሽማግሌዎች ተቀብረውበት፣ የትውልድ ቀዬ መጠሪያ ሆኗል።

በዚህ ላይ ለሙያችን የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ሰፋሪው የሰፈረበት መሬት በካርታ ላይ ባዶ መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን የበርታ ገበሬ መሬቱን ጥቂት ዓመታት አርሶ ለብዙ ዓመታት ጦም ያሳድራል፤ ጫካው ተመልሶ ሲበቅል፣ አፈሩም ሲያገግም ይመለስበታል። ስለዚህ ጦም ያደረ መሬት ባለቤት የሌለው መሬት አይደለም። ሰፋሪው ከረኃብ ሸሽቶ በመንግሥት ፈቃድ መጣ፤ ነባሩም ያለ ፈቃዱ መሬቱን አጣ፤ ሁለቱም ተበድለዋል። በሁለቱ መካከል ከዚያ ወዲህ ለታየው ቅሬታ አንዱ ምክንያት መሬቱን የለካው ሰው ያላየው ነገር መኖሩ ነው።

በ1980 ዓ. ም. መጀመሪያ በተደነገገው አዲስ የአስተዳደር ክፍፍል አሶሳ የራሷ የአስተዳደር አካባቢ መቀመጫ ሆነች። በ1982 ዓ. ም. ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ከመንግሥት እጅ ወጥታ ነበር። ከ1984 ዓ. ም. የሽግግር ዘመን ወዲህ፣ በ1987 ዓ. ም. ከጸናው ሕገ መንግሥትም በኋላ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ሆና ትገኛለች። የክልሉ ሕገ መንግሥት ነባር ብሎ የሚጠራቸው አምስቱ ብሔረሰቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። ከተማዋ ግን የእነርሱም፣ የአማራውም፣ የኦሮሞውም፣ የሌላውም ነዋሪ ቤት ናት። በ1987ቱ ቆጠራ ከ11 ሺህ የሚበልጥ የነበረው ሕዝቧ በ1999ኙ ቆጠራ ከ24 ሺህ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንዳደገች ዐይን ያየዋል፤ አዲስ ቆጠራ ግን አልተካሄደም።

ምልክቶቿ

አንድ እንግዳ አሶሳ ሲደርስ ሐውልት ወይም ግንብ ፍለጋ ቢዞር ብዙ አያገኝም። የከተማዋ ዋነኛ ምልክት የማንጎ ዛፍ ነው። በግቢው፣ በመንገዱ ዳር፣ በመሥሪያ ቤቱ አጥር ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው ማንጎ ለከተማዋ ምግብም፣ ጥላም፣ የስብሰባ አዳራሽም ነው። ዕርቅ ከሥሩ ይፈጸማል፤ ተማሪ ያጠናበታል፤ ሻይ ይፈላበታል። ከክረምት በፊት ፍሬው በደረሰ ጊዜ ከተማዋ በማንጎ ትሞላለች። ነገር ግን ትልቁ ገበያ ሩቅ፣ ፍሬውም ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ፣ ብዙው በዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

በዚህ ላይ እ. ኤ. አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ ምዕራብ ተዛምቶ አሶሳ ደርሷል። ተባዩ በቅጠሉና በፍሬው ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት ተለጥፎ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬውም ነጠብጣብ ይዞ ዋጋ ያጣል። የግቢ ዛፍ ረጅምና ያረጀ ስለሆነ መድኃኒት ለመርጨት አይመችም። የሚረዳው ቅርንጫፉን መግረዝ፣ በሽተኛውን ክፍል ማቃጠል፣ ያረጀውንም በአዲስ ችግኝ መተካት ነው። ይህ የግብርና ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የማንጎ ዛፎቿን ያጣች አሶሳ በመጋቢት ፀሐይ ውስጥ ምን እንደምትመስል ማሰብ የማዘጋጃ ቤት ሰው ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ቀርከሃ ነው። የቆላው ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ሳይሆን ድፍን ስለሆነ ጽኑ ነው። የቤት ግድግዳ፣ አጥር፣ ጎተራ፣ አልጋ፣ ቅርጫት ሁሉ ከእርሱ ይሠራል። በክረምት ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል። ይሁንና ይህ ተክል በብዙ አሥር ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ በጅምላ የሚሞት ጠባይ አለው፤ ከዘሩ እንደገና እስኪበቅል ድረስም ዓመታት ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ስፍራው ከታረሰ ወይም እሳት ከገባበት ደኑ አይመለስም።

ከነዚህ ሌላ፣ ከክልሉ ከዳለቲ የሚወጣው እብነ በረድ በአገራችን ሕንፃዎች ላይ ይታያል። በ2004 ዓ. ም. ትምህርት የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከተማዋን የወጣቶች መናኸሪያ አድርጓታል። አውሮፕላን ማረፊያውም በአንዳንድ ዓመት የቅንጦት ሳይሆን የግድ መጓጓዣ ሆኗል፤ ባለፉት ዓመታት በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በፀጥታ ምክንያት ተደጋግሞ ሲዘጋ፣ የአሶሳ በሽተኛ፣ ነጋዴና ተማሪ ምን ያህል እንደ ተቸገረ የኖረበት ያውቀዋል።

የዕለት ኑሮ

የአሶሳ ጧት በእግረኛ ይጀምራል። ከዙሪያ መንደሮች የሚመጡ ሴቶች በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥለው፣ ሚዛኑን ጠብቀው፣ በፈጣን እርምጃ ወደ ገበያ ይገባሉ። ይህ አሸካከም ለእግረኛው መንገድ የራሱ ስፋት እንደሚያስፈልገው ላሳስብ እወዳለሁ፤ ለአንድ ሰው የተሠራ ጠባብ የእግር መንገድ ለዚህ ሸክም አይበቃም፤ ሴቲቱም ወደ መኪናው መንገድ ትወርዳለች።

በገበያው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ባሚያ፣ ማርና የቀርከሃ ሥራ ይሸጣል። ሻጭና ገዥ በአንድ ጊዜ በአማርኛ፣ በበርታ ቋንቋ፣ በኦሮምኛና በሱዳን ዐረብኛ ይነጋገራሉ። አንዱ በአንዱ ቋንቋ ጠይቆ በሌላው መልስ ሲሰጠው ማንም አይገረምም። በበርታው ቤት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይቀርባል፤ በሰፋሪው ቤት እንጀራ ይጋገራል፤ ዛሬ ግን በብዙው ቤት ሁለቱም አለ። ቡናው ሁሉንም ያገናኛል። የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ በአንድ አየር ይሰማሉ።

መኸር ሲሰበሰብ የበርታ ሕዝብ ከቅል ተቀጣጥለው በተሠሩ ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያዎች ይጫወታል። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው በትክክል ሲገባ ነው፤ አንዱ ቢቀር ዜማው ይጎድላል። ስለዚህ ጨዋታው ሰዎች ሳይበታተኑ በአንድ መንደር ሲኖሩ ብቻ የሚቆም ጥበብ ነው። ወጣቱ ለሥራና ለወርቅ ቁፋሮ በሄደ ቁጥር የነፊው ቁጥር ያንሳል።

ከተማዋ የእንግዳ ማረፊያም ናት። በሱዳን በተነሡ ጦርነቶች ምክንያት የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ እ. ኤ. አ. በ1997፣ የባምባሲው በ2012 ተከፍተዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ. ም. በሱዳን አዲስ ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሺህ ሕዝብ ገብቷል። እነዚህ ስደተኞች ከወሰኑ ወዲህ ካለው ሕዝብ ጋር በቋንቋም በዝምድናም የሚገናኙ ብዙ ናቸው። በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቋል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ብርሃን ከክልሉ ሲወጣ፣ የክልሉ የገጠር መንደሮች ብርሃን የሚያገኙበትን ቀን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምን ይደረግ?

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

በጀርመን አገር በትልልቅ ከተሞች ዳርቻ ያሉ ብዙ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች የየራሳቸው መዝገብ ቤት፣ የየራሳቸው የቀዬ ታሪክ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም አነስተኛ ሙዚየም አላቸው። የመንገዱ ስም ከማን እንደ መጣ፣ የድሮው ወፍጮ የት እንደ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ከምሥራቅ የመጡት ስደተኞች በየትኛው ሰፈር እንደ ገቡ ተጽፎ ይገኛል። ይህ የሀብት ብቻ ውጤት አይደለም፤ ከተማ የራሷን ነገር ራሷ መጻፍ አለባት ከሚል እምነትም የመጣ ነው።

ለአሶሳም፣ እርሷን ለመሰሉ ከተሞችም፣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የከተማው ፕላን በሚሻሻልበት ጊዜ ነባር ዛፎች እንደ ሕንፃ ሁሉ ተቆጥረው በካርታው ላይ ይግቡ። መንገድ ሲሰፋ የሚወድቀው ዛፍ በስንት ችግኝ እንደሚተካ አስቀድሞ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ከተማው ወደ ዙሪያው ሲሰፋ፣ ጦም ያደረ የበርታ መሬትና ቁጥር የተሰጠው የሰፋሪ መንደር በእኩል ዐይን ይታዩ፤ ከልኬቱ በፊት የቦታው ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ክፍል ለመዝገብ ትለይ። የወንዙን፣ የኮረብታውንና የሰፈሩን ስም በየቋንቋው፣ የሼኾቹን ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ አረጋውያንን ቃል፣ የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ትዝታ የሚመዘግብ አንድ ጸሐፊ ይመደብ።

ውኃና መብራት ሳይሟላ ስለ መዝገብ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ባልደረባ ሊኖር ይችላል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ የአሶሳ ሕዝብ ውኃ ሲቸገር አይቻለሁና አላቃልለውም። ሆኖም የውኃ ቧንቧ ዘግይቶም ቢሆን ሊዘረጋ ይችላል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጎልማሳነቱ ወደ አምባ የመጣ ሰው ግን ዛሬ ሰማንያ ዓመቱን የያዘ ነው። የእርሱ ቃል ከእርሱ በኋላ አይገኝም። ከዚህም በላይ ቧንቧው በማን መሬት እንደሚያልፍ፣ ማንስ ተጠይቆ እንደሚፈቅድ የሚነግረን ይኸው መዝገብ ነው። መሬቱን ሳያውቅ የተለካ ልኬት ያስከተለውን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

የማኅበራችን አባላት በየክልሉ በየማዘጋጃ ቤቱ ተበትነን እንገኛለን። እያንዳንዳችን በምንሠራበት ከተማ የአንድ ሰፈርን ስምና ታሪክ ብንመዘግብ፣ ይህ ዓመታዊ መጽሔታችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኝ የአገር መዝገብ ይሆናል። አሶሳን በተመለከተ ሥራውን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ ባልደረቦች ካሉ፣ ከጉባኤው በኋላ ስማቸውን ለጽሕፈት ቤቱ እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።